የደንጊያ ሽበት የምትመገበው የእሳት እራት

በክረምት ማታ መብራት በበራበት ቤት መስኮቱ ጥቂት ተከፍቶ እንደ ሆነ፥ አንዲት ግራጫ መሳይ ትንሽ ፍጥረት እየተርገበገበች ትገባና በመብራቱ ዙሪያ ትዞራለች። ይህን ጊዜ የቤቱ እመቤት «ብል ገባ! ልብሱን ሊፈጀው ነው» ስትል ልጆቹ ፎጣና መጥረጊያ ይዘው ይነሣሉ፤ ፍጥረቲቱም ማን እንደ ሆነች ሳትጠየቅ፥ ምን እንዳጠፋችም ሳይመረመር በግድግዳው ላይ ተደፍጥጣ ትቀራለች። ፍርዱ እንዲህ ፈጥኖ ከተፈጸመ በኋላ ሁሉም ወደ እራቱ ይመለሳል።

አንባቢዬ ሆይ፥ በዚህ ፍርድ ውስጥ ከባድ ስሕተት አለበት። የሱፍ ልብስና የበግ ለምድ የምታበላሸው እውነተኛይቱ ብል ብርሃንን እጅግ የምትሸሽ ናት። መኖሪያዋ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፥ በተጣጠፈ ልብስ እጥፋት መካከል፥ ፀሐይ በማይነካው ማዕዘን ነው። ደግሞም ልብሱን የሚበላው ትሏ እንጂ ክንፍ ያወጣችው እናቲቱ አይደለችም፤ እርስዋ ክንፍ ካወጣች ጀምሮ እስክትሞት ድረስ አንዳች ምግብ አትቀምስም። እንግዲህ ወደ መብራት ተንደርድራ የምትመጣው ብዙውን ጊዜ ሌላ ወገን ናት ማለት ነው። ጥፋተኛዋ በሣጥን ተሸሽጋ ስትኖር ንጹሒቱ በአደባባይ ትቀጣለች። ልብሱን ከብል ለማዳን የሚሻ ሰው ሣጥኑን እየከፈተ፥ ልብሱን እያራገፈና ፀሐይ እያስመታ ቢያኖረው ይሻለዋል፤ በመብራት ሥር የሚደረገው ዘመቻ ግን ለልብሱ የሚፈይደው ነገር የለም።

ቋንቋችን ለእነዚህ የሌሊት በራሪዎች ያወጣላቸው ስም «የእሳት እራት» የሚል ነው። የእሳት ራት ወይም ምግብ ሆነው እንደሚቀሩ አይቶ ስማቸውን በአሟሟታቸው ሰየማቸው። ስሙ ያማረ ቢሆንም ስለ አኗኗራቸው የሚነግረን ምንም የለውም። ስለዚህ ዛሬ ከብዙው ነገዳቸው መካከል አንዲቱን ብቻ መርጠን፥ በምን አገር እንደምትኖር፥ ምን እንደምትመገብና ከጠላቷ ጋር እንዴት ያለ ክርክር እንዳላት ለቤተ ሰብ ሁሉ እናጫውታለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አገሯ አሜሪካ ነው፤ ይልቁንም ከአሜሪካ ግዛቶች በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው፥ አሪዞና የሚባለው ደረቅ ምድር ነው። ይህ አገር ቁመቱ ከዛፍ የሚበልጥ ቍልቋል የሚበቅልበት፥ በቀትር ደንጊያው እንደ ምጣድ የሚግልበት፥ ወንዙም አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚታይበት ነው። ከበረሓው መካከል ግን ከፍ ከፍ ያሉ ተራሮች እንደ ደሴት ብቅ ይላሉ። የሚያስገርመው ነገር፥ የዚያ አገር ዋና ዝናም እንደ እኛ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ መምጣቱ ነው። ከቀትር በኋላ ደመናው ይከመራል፤ ነጐድጓድ ያጓራል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ዶፍ ይወርድና ሰማዩ እንደ ገና ይጠራል። በዚያ ዝናም ማግሥት የሌሊት በራሪዎች ከየተሸሸጉበት ይወጣሉ።

የእኛዋ የእሳት እራት በሊቃውንት ዘንድ ሲስቴኔ ማርቲኒ ትባላለች። ይህን ስም የሰጣት ኖልተን የተባለ ተመራማሪ በ1967 ዓ.ም. ነው። መጠኗ ትንሽ ነው፤ ክንፎቿን ብትዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም። የፊት ክንፏ እንደ እርሳስ ግራጫ ሆኖ፥ በላዩ እንደ ነጠላ ጥለት የመሰለ ብጫ ወይም ፈዛዛ ቀይ መስመር ያቋርጠዋል። ስታርፍ ክንፎቿን በጀርባዋ ላይ አጥፋ ስለምትሰበስባቸው ከሩቅ ያያት ሰው የደረቀ ፍሬ ቅርፊት መስላ ትታየዋለች። ነገዷም ሰፊ ነው፤ በዓለም ላይ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዘመዶች አሏት፤ ከእነርሱም የሚበዙት በትልነታቸው ጊዜ የሚመገቡት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ይኸውም የደንጊያ ሽበት ነው።

የደንጊያ ሽበት ምንድር ነው? በገደል ፊት፥ በአሮጌ የካብ ግንብና በመቃብር ደንጊያ ላይ እንደ ተለጠፈ ቀለም ነጭ፥ ብጫ፥ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ነው። በደጋ አገር ደግሞ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጎ ይገኛል፤ ያን ጊዜ የዛፍ ሽበት እንለዋለን። ፈረንጆች ሊከን ይሉታል። ልጆች በትምህርት ቤት ሆምጣጤና አመድ የሚፈትኑባት፥ ቀለሟን የምትለውጠው የሊትመስ ወረቀት ቀለሟ የተገኘው ከዚሁ ወገን ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ነው፤ ሊቃውንትም ቢሆኑ ለብዙ ዘመን ከዚህ የተሻለ አላወቁትም ነበር። እንደ ማንኛውም ሣር አንድ ተክል ነው ብለው መዝግበውት ነበር።

በ1867 ዓ.ም. ግን ሲሞን ሽቬንደነር የተባለ የስዊስ ሊቅ ተነሥቶ «ይህ አንድ ተክል አይደለም፤ ሁለት ፍጥረታት ተጣምረው የሚኖሩበት ቤት ነው» አለ። አንደኛው የሻጋታና የእንጉዳይ ወገን ነው፤ ግድግዳውንና ጣራውን ይሠራል፥ ውኃውንም ይይዛል። ሁለተኛው በኩሬ ውኃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚንሳፈፈው፥ አልጌ የሚባለው ጥቃቅን ተክል ነው፤ እርሱም በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስላል። ሽቬንደነር ሻጋታውን ጌታ፥ አልጌውን ባሪያ አድርጎ መሰለው። ይህ ቃል በሊቃውንቱ መካከል ታላቅ ጠብ አስነሣ። ከሁሉ ይልቅ ፓሪስ ተቀምጦ የነበረው ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር እስከ ሞተበት እስከ 1899 ዓ.ም. ድረስ አልተቀበለውም። እንደዚህ ያለ ክርክር በሸንጎ ቢቀርብ ኖሮ ፋይሉ ስንት ክንድ ይሆን ነበር! ኋላ ማስረጃው ለሽቬንደነር አደላለት። ነገሩ አበቃ ሲባል ደግሞ በ1916 ሳይሆን ከዚያ መቶ ዓመት በኋላ፥ በ2016 ዓ.ም.፥ ቶቢ ስፕሪቢለና ባልደረቦቹ በአንዳንዶቹ ሽበቶች የውጭ ቅርፊት ውስጥ ሦስተኛ ወገን፥ የእርሾ ዘር፥ መኖሩን ገለጹ። ሁለት ሰዎች ብቻ የሚኖሩበት ነው ሲባል በኖረ ቤት ሦስተኛ ተቀማጭ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ማኅበር በድርቅ ላይ ያለው ትዕግሥት ወደር የለውም። ውኃ ባጣ ጊዜ አይሞትም፤ ደርቆ፥ ሥራውን ሁሉ አቁሞ፥ በጣት ቢነኩት እንደ ቂጣ የሚሰበር ሆኖ ይቈያል። የንጋት ጤዛ ወይም ጥቂት ዝናም ባገኘ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለሰልሳል፥ ቀለሙም ይመለሳል፥ ሥራውንም ይጀምራል። በ2005 ዓ.ም. የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሁለት ዓይነት የደንጊያ ሽበት በመንኰራኵር አሳፍሮ ከምድር አየር ውጭ ለሁለት ሳምንት ያህል አየር በሌለበት ጠፈር አጋልጦ አቈያቸው፤ ወደ ምድር በተመለሱና ውኃ ባገኙ ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ሆኖም አስተዳደጉ እጅግ የዘገየ ነው። በደንጊያ ላይ ከሚለጠፉት ብዙዎቹ በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጡም፥ ከዚያም የሚያንሱ አሉ። የአንድ ሰው መዳፍ የሚያህለው ሽበት አያት ቅድመ አያታችን ሳይወለዱ የበቀለ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የሲስቴኔ ትል የምትመገበው ይህን ነው። ፀጕራም ትንሽ ትል ናት፤ በቀን ከፀሐይና ከወፍ ዓይን በስንጥቅ ተሸሽጋ ትውላለች። ሌሊት ምግቧ በጤዛ ሲለሰልስ ብቅ ብላ ትግጣለች። በዚያ ሁሉ የበረሓ ምድር ለምለም ሣር ፍለጋ የሚንከራተት እንስሳ ብዙ ሲሆን፥ እርስዋ ግን ሌላው ሁሉ ንቆ በተወው በደንጊያ ልብስ ላይ ማዕድ ዘርግታ ትኖራለች። የማይፈለገውን ምግብ የመረጠ ሰው ተሻሚ አይበዛበትም።

ነገር ግን ይህ ማዕድ ንቀት ብቻ አይደለም የጠበቀው፤ መራራም ነው። የደንጊያ ሽበት ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ በየጊዜው ቢበላ ኖሮ ዘሩ በጠፋ ነበርና፥ ራሱን የሚከላከልባቸውን መራራ ቅመሞች በሰውነቱ ያከማቻል። ትሏ ይህን መራራ ነገር ችላ መብላቷ ብቻ አይደለም የሚደንቀው። በአውሮፓ የሚገኙትን ዘመዶቿን የመረመሩ የኬሚስትሪ ዐዋቂዎች በ1995 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ እነዚህ ፍጥረታት ከሽበቱ ቅመም ከፊሉን በሰውነታቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ትሏ ክንፍ አውጥታ በተለወጠች ጊዜም ያው ስንቅ አብሯት ይሄዳል። በልጅነቷ የበላችው መራራ ምግብ በጕልምስናዋ ጋሻ ይሆናታል።

አሁን ወደ ጠላቷ እንምጣ። በጨለማ የሚበሩ ነፍሳት ሁሉ የሚፈሩት የሌሊት ወፍ ነው። ይህ እንስሳ በጨለማ ሳይጋጭ እንዴት እንደሚበር መጀመሪያ የጠየቀው ኢጣሊያዊው ካህንና ሊቅ ላዛሮ ስፓላንዛኒ ነው። በ1793 ዓ.ም. ዓይናቸው የማያይ የሌሊት ወፎች እንደ ቀድሞው እንደሚበሩ አየ። በጄኔቭ የነበረው ሹሪን ደግሞ ጆሯቸውን በሰም ሲደፍነው ያን ጊዜ መንገድ እንደሚጠፋቸው ተመለከተ። ነገሩ ለብዙ ዘመን እንቈቅልሽ ሆኖ ኖረ፤ እንዲያውም በጆሮ ማየት አለ ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። በ1938 ዓ.ም. በሃርቫርድ የሚማር ዶናልድ ግሪፊን የተባለ ወጣት ከፊዚክስ ሊቁ ከጆርጅ ፒርስ ጋር ሆኖ ምሥጢሩን ገለጠው። የሌሊት ወፍ ሲበር የሰው ጆሮ ሊሰማው የማይችል ቀጭን ጩኸት ያሰማል፤ ጩኸቱም ከነፍሳቱ ገላ ተጋጭቶ ሲመለስ የገደል ማሚቶውን ሰምቶ የት እንዳሉ ያውቃል።

የሲስቴኔ ጆሮ በራስዋ ላይ አይደለም። ከክንፎቿ በታች በደረቷ ጐንና ጐን ነው፤ የሌሊት ወፉንም ጩኸት ትሰማበታለች። በዚያው በደረቷ ጐን ደግሞ እንደ ትንሽ ከበሮ ያበጠ ስስ ሽፋን አላት። የቆርቆሮ ክዳን በአውራ ጣት ተጭነው ቢለቁት ቀጭ እንደሚል፥ እርስዋም በጡንቻዋ ሽፋኑን ስታጐብጠውና ስትለቀው ፈጣንና ቀጭን የሆነ ቀጭ ቀጭ ድምፅ ይወጣል። እኛ በአጠገቧ ቆመን ምንም አንሰማም፤ የሌሊት ወፉ ግን ይሰማዋል። በ1965 ዓ.ም. ዶረቲ ደኒንግና ኬነት ሮደር የዚህ ነገድ ድምፅ በሚያድኑ የሌሊት ወፎች ፊት በመሣሪያ ቢያሰሙ፥ ወፎቹ ከያዙት አቅጣጫ ሲመለሱ አይተዋል።

ነገር ግን ይህ የታየው በቤት ውስጥ በሠለጠኑ የሌሊት ወፎች ነበር። በእውነተኛው ዱር፥ በነፋሱና በጨለማው መካከል፥ ይህ ጩኸት ነፍስ ያድናልን? ለዚህ መልስ የሰጡት ኒኮላስ ዳውዲና ዊልያም ኮነር ናቸው፤ ምርመራቸውንም በ2016 ዓ.ም. አሳትመውታል። የመረጡትም ሲስቴኔንና ፒጋርክቲያ የተባለች ሌላ ዘመዷን ነበር። ከያዟቸው ከፊሎቹን እንዳሉ ተዉአቸው፤ የቀሩትን ከበሯቸውን እንዳይሠራ አድርገው ዝም አሰኟቸው። ከዚያም የዱር የሌሊት ወፎች በሚያድኑበት ቦታ ለቀቋቸውና፥ የሰው ዓይን በማያየው ብርሃን ጨለማውን በሚያስሱ ብዙ የፎቶግራፍ መሣሪያዎች የሁለቱን ወገኖች የበረራ መንገድ ከየማዕዘኑ አነሡ። ድምፁንም ቀዱ።

ውጤቱን ልብ ብሎ ያነበበ ይገረማል። ከበሮዋ ያልተነካው ሲስቴኔ ዝም ከተደረገችው ይልቅ የመያዝ ዕድሏ 1.6 እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የፒጋርክቲያ ደግሞ 1.8 እጥፍ ያነሰ። የሌሊት ወፎቹም የሳቱ አልነበሩም፤ የበረራቸው መስመር ሲታይ ድምፁን ሰምተው ሆን ብለው የተዉአቸው መሆናቸው ታወቀ። ቀድሞ መራራውን የቀመሰ ወፍ የዚያን ጩኸት ትርጕም ያውቃልና። ምንም መርዝ በሰውነቷ ቢኖር ማስጠንቀቂያውን ያላሰማች ሁሉ የተያዘችው ከተነከሰች በኋላ ብትተፋ ምን ይጠቅማታል? ክንፏ ተሰብሮ ወድቃለች። ስለዚህ ጋሻው ብቻውን አይበቃም፤ ጋሻ መያዝን አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በቅጽር ውስጥ ክፉ ውሻ ያለው ሰው «ውሻ አለ» ብሎ በደጁ መጻፉ ለእንግዳውም ለውሻውም የሚበጅ እንደ ሆነ ሁሉ ነው።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ፒጋርክቲያ የሌሊት ወፍ ገና ሲቃረብ ትጮኻለች፤ ጮኻም አታበቃም፥ ብዙውን ጊዜ ተገልብጣ ወደ ምድር እየተወረወረች ታመልጣለች። ሲስቴኔ ግን ጩኸቷን የምታሰማው ጠላቷ ይበልጥ ከቀረበ በኋላ ነው፤ መንገዷንም የምትለውጠው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። እንደ ተረጋጋች ትበራለች። ሁለት ሳንቲሜትር የማትሞላ ፍጥረት፥ አፉን ከፍቶ የሚመጣባትን አውሬ ትሰማለች፥ ከበሮዋን ትመታለች፥ ጕዞዋንም ትቀጥላለች። ይህን መረጋጋት ድፍረት ልንለው አይገባንም ይሆናል፤ ነፍሳት እንደ ሰው አያስቡምና። ነገር ግን ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በዚያ በማይነቃነቅ ደንጊያ ላይ በተለጠፈው ሽበት ነው፤ እርሱም ጠላት አለው። ድርቅንና የጠፈርን ባዶነት የቻለው ይህ ፍጥረት የከተማ ጢስ አይችልም። ሥር የለውም፤ የሚኖረው ከአየርና ከዝናም በሚወርድለት ነው፤ ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ያለውን መርዝ ሳያጣራ ይጠጣዋል። ቀደም ብለን የጠቀስነው ግትሩ ኒላንደር በ1866 ዓ.ም. በፓሪስ ሉክሰምቡርግ በተባለው የአትክልት ቦታ ከሌላው ከተማ የጠፉ የሽበት ዓይነቶች ተርፈው አግኝቶ፥ ይህ የአየሩን ንጽሕና የሚያሳይ ምልክት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በአንዱ ክርክር ቢረታም በዚህ ነገር አልተሳሳተም። በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ጢስ ከቀነሰ ወዲህ ሽበቱ ወደ ዛፎቹ ተመለሰ፤ እርሱን የሚመገቡት የሲስቴኔ ዘመዶችም በዝተው መታየት ጀመሩ።

በአሜሪካ ደረቅ ምድር ደግሞ ሽበት በደንጊያ ብቻ ሳይሆን በአፈሩም ፊት ከሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ጋር ተሳስሮ ጥቍር ቅርፊት ይሠራል፤ አፈሩንም ነፋስ እንዳይወስደው ይይዘዋል። አንድ መንገደኛ ሳያስብ ቢረግጠው ያ ቅርፊት ይሰበራል፤ በውስጡ ያለው ሽበት መልሶ እስኪበቅል ድረስ ዐሥርተ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ የዚያ አገር የብሔራዊ ፓርክ ጠባቂዎች ጐብኚ ሁሉ ከተሠራው መንገድ እንዳይወጣ ያስጠነቅቃሉ። እግሩን ያነሣ ሰው ኮቴውን የሚያጠፋለት ዝናም በቅርብ እንደማይመጣ አያውቅም።

ወላጆች በዚህ ክረምት ልጆቻቸውን ለማጫወት ቢፈልጉ፥ ወጪ የሌለው አንድ ነገር አለ። ዝናም ባባራበት ጨለማ ማታ ነጭ ነጠላ በውጭ ግድግዳ ላይ ይስቀሉና በአጠገቡ መብራት ያኑሩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልዩ ልዩ የእሳት እራቶች መጥተው ያርፉበታል። ልጆቹ ፎጣውን ትተው እርሳስና ወረቀት ይያዙ፤ ክንፋቸውን እንዴት እንዳጠፉ፥ ጥለታቸው ምን ቀለም እንደ ሆነ፥ የትኛይቱ እንደ ጣራ አክፍክፋ፥ የትኛይቱ እንደ ጥቅል ወረቀት ተጠቅልላ እንደምታርፍ ይጻፉ። በማግሥቱም ወደ አሮጌው ካብ ወስዳችሁ ሽበቱን አሳዩአቸው፤ ጥቂት ውኃ ቢያንጠባጥቡበት ዓይናቸው እያየ ሲለመልም ያዩታል። ብቻ በጥፍራቸው እንዳይፍቁት ተቈጣጠሩ።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ መብራቱን አጥፉት። በነጠላው ላይ ያረፉት ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ይቈያሉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ወደ ጨለማው ይመለሳሉ።